አልጋውን ተዉትና ፖሊስ ጣቢያውን እዩ

ሰላም ናችሁ ልጆች። ትያትር ቤት ምትሠሩ፣ ፊልም ምትሞክሩ፣ ዩቲዩብ ላይ አጫጭር ድራማ ምትለቁ ልጆች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ ምትጠይቁኝ ነገር አለ፣ "ጋሼ፣ ደፋር ሥራ እንዴት ነው ሚሠራው፣ ሰው ሚያወራለት፣ ድንበር ሚጥስ?" ትሉኛላችሁ። እኔ ደራሲም ዳይሬክተርም አይደለሁም፣ የመድረክ መብራት ሠራተኛ ነኝ። ሌኒንግራድ ተምሬ ከዛ ጀርመን አገር አንድ ኦፔራ ቤት ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መብራት ሳበራና ሳጠፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚ የድፍረት ፍልስፍና ከኔ አትጠብቁ። ግን በእጄ ካለፉት ኦፔራዎች ውስጥ ደፋር ነው ተብሎ ከሁሉም በላይ መከራውን ያየ አንድ አለ፣ እሱን ላውራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ኦፔራው "የምትሰንስክ አውራጃ ሌዲ ማክቤት" ይባላል። ጸጋዬ ገብረመድኅን በአማርኛ የሠራውን ማክቤዝ የምታውቁ ልጆች ስኮትላንድና ጠንቋይ እንዳትጠብቁ፣ ይሄኛው የሩሲያ ገጠር ነው፣ የወፍጮ ባለቤት የሆነ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው ነገሩ ሁሉ ሚፈጸመው። መነሻው ኒኮላይ ሌስኮቭ በ1865 ያሳተመው ልቦለድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፍላችሁ)። ድሚትሪ ሾስታኮቪች ከአሌክሳንደር ፕሬይስ ጋር ሆኖ ጽሑፉን ለኦፔራ አስተካከለና ከ1930 እስከ 1932 ሙዚቃውን ሠራው። ሲጨርስ 26 ዓመቱ ነበር። ኒና ቫርዛርን ያገባውም በ1932 ነው፣ ኦፔራውንም መታሰቢያነቱ ለሷ ይሁን ብሎ ሰጣት። ሦስት ሰው ሚገደልበት ኦፔራ ለሙሽራ ይሰጣል ወይ ትሉ ይሆናል፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ፣ ግን ሰውዬው የኦፔራውን ዋና ሴት ካቴሪናን ምን ያህል እንደወደዳት ሙዚቃውን ስትሰሙት ይገባችኋል።

ታሪኩን ባጭሩ። ካቴሪና ኢዝማይሎቫ ድሃ ቤት አድጋ ሀብታም ያገባች ሴት ናት። ልጅ አልወለደችም፣ ሥራ የላትም፣ ባሏ ዚኖቪ አለ ከመባል በስተቀር የለም፣ አማቷ ቦሪስ ቲሞፌዬቪች ግን አለ፣ ቀንም ሌሊትም አለ። ባሏ የወፍጮው ግድብ ፈርሶበት ሊያሠራ ሲሄድ አማቷ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ አንበርክኮ ነው ያሰናበታት። ከዛ ሰርጌይ ሚባል አዲስ ሠራተኛ ማታ መጽሐፍ አውሺኝ ብሎ ክፍሏ ይገባል፣ የሆነው ይሆናል። አማትዬው ሰርጌይ በመስኮት ሲወርድ ይይዘውና እሷ እያየች በጅራፍ ይገርፈዋል፣ ገርፎ ሲደክመው ደግሞ ራበኝ፣ የተረፈ ነገር የለም ወይ ይላታል። እንጉዳይ አለ ትለዋለች። እንጉዳዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ። ቀጥሎ ባልየው በድንገት ሲመጣ ሁለቱ ተጋግዘው ገድለው ምድር ቤት ይደብቁታል። የሠርጋቸው ቀን አንድ ሰካራም ቮድካ ፍለጋ ምድር ቤቱን ሰብሮ ሲገባ ሬሳውን ያገኛል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ሁለቱም ታስረው ወደ ሳይቤሪያ በእግር ይነዳሉ። መንገድ ላይ ሰርጌይ ሶኔትካ የምትባል ሌላ እስረኛ ይወድና ካቴሪናን ከድቶ ያዋርዳታል፣ እሷም ሶኔትካን ገፍትራ ወንዝ ትከታትና ተከትላ ትገባለች። አለቀ።

ይሄ ነገር መጀመሪያ ሲወጣ ማንም አልተቆጣም እኮ፣ ሰው ይሄንን ይረሳዋል። ጃንዋሪ 22፣ 1934 ሌኒንግራድ ማሊ ትያትር ውስጥ ሳሙይል ሳሞሱድ እየመራው ተከፈተ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሞስኮ ውስጥ በነሚሮቪች ዳንቼንኮ ትያትር "ካቴሪና ኢዝማይሎቫ" ተብሎ ተከፈተ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌኒንግራድ ከ80 ጊዜ በላይ፣ ሞስኮ ደግሞ ወደ 100 ጊዜ ገደማ ታየ። የሶቪየት ኦፔራ ተወለደ ተብሎ ተጻፈለት። በ1935 አሜሪካ ተሻግሮ ክሊቭላንድና ኒውዮርክ ታየ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመንግሥት ትያትር ቤት፣ በመንግሥት ገንዘብ፣ በመንግሥት ጋዜጣ እየተሞገሰ ነው የቆየው ነው ምላችሁ።

ጃንዋሪ 26፣ 1936 ስታሊን የሞስኮው ትልቁ ኦፔራ ቤት ቦልሾይ መጣ፣ በሁለተኛው መድረካቸው ነበር ሚታየው። ሞሎቶቭ፣ ሚኮያንና ዥዳኖቭ አብረውት ነበሩ። ሾስታኮቪች በዛን ሰሞን ወደ አርካንጌልስክ ኮንሰርት ሊሄድ ሲል ና ተብሎ ትያትር ቤቱ ተገኝቷል። ኦፔራው ከመደበኛው ኦርኬስትራ በተጨማሪ ሌላ የናስ መሣሪያ ቡድን ይጠይቃል፣ የነስታሊን ሎጅ ደግሞ ከናሱና ከከበሮው አጠገብ ነበር፣ የዛን ማታ ሙዚቀኞቹ ትልቅ ሰው መጥቷል ብለው ከወትሮው አብልጠው ነፉ። ትልልቆቹ ሰዎች መጨረሻውን ሳያዩ ወጡ። ለምን እንደወጡ ብዙ ተብሏል፣ ድምፁ ነው ያለ አለ፣ የአልጋው ትዕይንት ነው ያለ አለ፣ ስታሊን ግን ለማንም ቁጭ ብሎ ምክንያቱን ስላላስረዳ እኔ እዛ ውስጥ አልገባም። ሾስታኮቪች ባቡሩን ይዞ ሄደ፣ ጃንዋሪ 28 አርካንጌልስክ ባቡር ጣቢያ የፓርቲውን ጋዜጣ ፕራቭዳን ገዝቶ ሲገልጥ ሦስተኛው ገጽ ላይ "በሙዚቃ ፋንታ ትርምስ" ሚል ጽሑፍ አገኘ። የጸሐፊ ስም የለበትም። በዛን ዘመን ፕራቭዳ ላይ ስም የሌለው ጽሑፍ ማለት ፓርቲው ራሱ ተናገረ ማለት ነው።

ጽሑፉን ተማሪ እያለሁ በሩሲያኛ አነበብኩት፣ ከዛ በኋላም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ሚገርመኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን ጆሮ አለው። ሙዚቃው የፍቅሩን ትዕይንት ቁልጭ አርጎ ለማሳየት ያቃስታል፣ ያለከልካል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል ይላል። እውነት ነው፣ ትሮምቦኖቹ እንደዛ ነው ሚሠሩት፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ሲሄዱ ቆይተው መጨረሻ ላይ ተንሸራተው ሲወርዱ ምን እንዳለቀ ለማወቅ ልጅ መሆን ይበቃል። ከዛ ጽሑፉ ወደ መድረኩ ይዞራል፣ የነጋዴው ባለ ሁለት ሰው አልጋ የመድረኩን መሀል ይዟል፣ ነገር ሁሉ እዛ ላይ ነው ሚፈታው ብሎ ያማርራል። በመጨረሻም ይሄ ጨዋታ በጣም መጥፎ መጨረሻ ሊኖረው ይችላል ይላል። ውጭ አገር መወደዱንም እንደ ጥፋት ነው የቆጠረበት፣ የቡርዧውን የተበላሸ ጣዕም ስለሚኮረኩር ነው የወደዱት አለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ያው ቡርዧው አገር ኒውዮርክ ውስጥስ ምን ተባለ? ከአንድ ዓመት በፊት አንድ የጋዜጣ ሐያሲ ብልግና በሙዚቃ ነው ብሎ የራሱን ስድብ ቃል ፈጥሮለት ነበር፣ እነዛኑ ትሮምቦኖች ጠቅሶ። በዓለም ላይ በምንም ማይስማሙ ሁለት አገሮች በአንድ ነገር ተስማሙ፣ ሁለቱም አልጋውን አዩ። ዛሬም ኦፔራው ሲወጣ ፖስተሩ ላይ ምን እንደሚለጠፍ ታውቃላችሁ፣ አልጋ ነው፣ ወይ የተገለጠ ትከሻ ነው። እኔ ደግሞ ከመብራት ድልድይ ላይ ሆኜ ይሄንን ኦፔራ ከላይ ወደታች ስንት ማታ አይቼው ምነግራችሁ ነገር ቢኖር ነውሩ አልጋው ጋ አይደለም። አልጋው ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ፈልገው ነው የተገናኙት፣ በዛ ቤት ውስጥ ፈልጎ ሚደረግ ብቸኛው ነገር ምናልባት እሱ ነው።

ነውሩን ምታገኙት ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ አክሲኒያ የምትባል የቤቱ ሠራተኛ አለች፣ ወንዶቹ ሠራተኞች በግቢው መሀል ከበዋት ይጎነትሏታል፣ ትጮሃለች፣ እነሱ ይስቃሉ፣ ሙዚቃው አብሯቸው ይጋልባል። ብዙ አዘጋጅ ይሄንን እንደ ገጠር ጨዋታ አርጎ ያልፈዋል፣ ተመልካቹም ፈገግ ይላል። ካቴሪና ግን መጥታ አቁሙ ትላለች፣ ሴትን እንዲህ ምታደርጉት ጀግና የሆናችሁ መስሏችሁ ነው ወይ ብላ ስለ ሴቶች ጉብዝና ትዘፍንላቸዋለች። ሾስታኮቪች ያንን ዘፈን ለነፍሰ ገዳይዋ ነው የሰጠው፣ ልብ በሉልኝ።

ከዛ ፖሊስ ጣቢያው አለ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው፣ አጭር ነው፣ ቀልድ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሰዓት ለመቆጠብ ይቆርጡታል፣ እኔ ሲቆረጥ ደሜ ይፈላል። የጣቢያው አዛዥና ፖሊሶቹ ቁጭ ብለው ደሞዛችን አነሰ፣ ጉቦም እንደልብ አይገኝም እያሉ በሚያስጨፍር ዜማ ይዘፍናሉ። የኢዝማይሎቫ ሠርግ እየተበላ እየተጠጣ እነሱ አልተጠሩም፣ ተናደዋል። መሀል ላይ አንድ የገጠር መምህር ተይዞ ይቀርባል፣ ወንጀሉ ምንድነው፣ እንቁራሪት ነፍስ አላት ወይስ የላትም ብሎ መመራመሩ ነው። ወዲያው ያ ሰካራም እየሮጠ ገብቶ ሬሳ አገኘሁ ሲላቸው ፖሊሶቹ ምን ሚሆኑ ይመስላችኋል፣ ደስ ይላቸዋል! ሳይጠሩ ሠርጉ ቤት ሚገቡበት ሰበብ አገኙ። ሰው ሞቷል ሚለው ነገር ለአንዳቸውም ትዝ አይላቸውም። በወረቀት ላይ የዛር ዘመን ፖሊስ ነው፣ ሳንሱር ምንም ሚይዝበት ነገር የለም፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው የ1934 ሰው ግን ማንን እያየ እንደሚስቅ ራሱ ያውቃል። ፕራቭዳ ስለ አልጋው ያን ያህል ሲያወራ ከዚህ ትዕይንት ጋር አልተጣላም፣ አልፎ አልፎ ሳስበው ይሄ ይገርመኛል።

ሦስተኛው ካልሲው ነው። በሳይቤሪያው መንገድ ሶኔትካ ሰርጌይን ካልሲዬ ተቀዷል በርዶኛል፣ አምጣልኝና ያንተ ነኝ ትለዋለች። ሰርጌይ ካቴሪና ጋ ሄዶ የእግሬ ብረት አቆሰለኝ፣ መራመድ አቃተኝ ይላታል። ካቴሪና ረጅሙን የሱፍ ካልሲዋን አውልቃ ትሰጠዋለች፣ እሱ እዛው እሷ እያየች ወስዶ ለሶኔትካ ይሰጣታል፣ ሴቶቹ እስረኞች ከበው ይስቁባታል። አክሲኒያ ላይ የነበረው ሳቅ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። እኛ ቤት ስንሠራው ካልሲው ከላይ በረንዳ ያለው ሰው እንዴት ያየዋል ሚል ችግር ነበር፣ መድረኩ ጨለማ ነው፣ ሰው ሁሉ ግራጫ ለብሷል፣ ዕቃ ክፍል ያለችው ሴትዮ ካልሲውን በቀይ ክር ልትሠራው ነበር፣ እኔ ደግሞ ግራጫ ይሁን ብዬ ተከራከርኩ። ሰዉን በሙሉ ከጎን ዝቅ ብሎ በሚመጣ ቀዝቃዛ መብራት አረግነውና ካቴሪና ለማውለቅ ስትቀመጥ ብቻ አንዲት ጠባብ ሞቅ ያለች ስፖት እግሯ ላይ ጣልን፣ ባዶ እግሯ በረዶ ላይ ሲያርፍ ስፖቷን በጣም በዝግታ አጠፋናት። ማንም መብራት እንደጠፋ አላወቀም፣ ሰው ግን እግሩን ይሰበስብ ነበር፣ ከላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ ሚያኮራኝ መብራት እሱ ነው፣ ፎቶ ላይ ግን ምንም አይታይም።

በዛው ሥራ ላይ አዘጋጁ ለመጨረሻው ትዕይንት እውነተኛ ውሃ መድረክ ላይ ይግባ ብሎ ነበር። ካቴሪና ከመግባቷ በፊት ጫካ ውስጥ ስላለ ጥቁር ሐይቅ ትዘፍናለች፣ ውሃው እንደ ሕሊናዋ ጥቁር ነው ትላለች። ውሃ መድረክ ላይ ማስገባት ማለት ኤሌክትሪክ፣ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት፣ የዘፋኞች ጉንፋን፣ ወለሉ ምን ያህል ክብደት ይችላል ምናምን ማለት ነው። ስብሰባው ረዘመ፣ በጀቱ ሲታይ ነገሩ ራሱ አለቀ፣ ሚያብረቀርቅ ጥቁር ወለል ተነጠፈና በጣም ዝቅ ያለ መብራት ሰጠነው። ዘፋኟ ስለ ሐይቁ ስትዘፍን ሐይቁ ኦርኬስትራው ውስጥ አለ እኮ፣ ምን ውሃ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ምክር ካላችሁኝ ምመክራችሁ። ሥራው ራሱ እየጮኸ ከሆነ እናንተ አትጩሁ። ይሄንን ሙዚቃ ይዞ አልጋው ላይ ራቁት ሰው ማብዛት በርበሬ በበዛበት ወጥ ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ ነው። ደፋር ሚባሉትን አዘጋጆች ላንቋሽሽ አይደለም ደግሞ፣ ጥሩ ጥሩ የሠሩ አሉ። ማርቲን ኩሼይ በ2006 አምስተርዳም ላይ ካቴሪናን ብዙ ጫማ ካለበት የመስታወት ቤት ውስጥ ከተታት፣ ሁሉም ያያታል ማንም አይሰማትም፣ የአልጋው ሙዚቃ ሲመጣ መብራቱን ብልጭ ድርግም አስደረገው፣ እንደ መብራት ሠራተኛ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ፣ ምክንያቱም በዛ መብራት ሚታየው ነገር ከሚደበቀው ያንሳል፣ ቀሪውን ጆሮህ ይሠራዋል። ድሚትሪ ቸርኒያኮቭ ደግሞ የሳይቤሪያን መንገድ በሙሉ ሰርዞ መጨረሻውን አንዲት ጠባብ የእስር ክፍል ውስጥ አስገባው። መጀመሪያ ስሰማ መንገዱን ያጠፋ ሰው ምን ቀረው ብዬ ነበር፣ ሳየው ግን ካልሲውም ሳቁም ቅርብ ሆነ፣ ማምለጫ የለውም። ክሽሽቶፍ ቫርሊኮቭስኪ በ2019 ፓሪስ ላይ የነጋዴውን ቤት የአሳማ ቄራ አረገው፣ ሥጋው መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ለኔ በዛብኝ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ሰዎቹ ሥጋ ናቸው ከተባልኩ ቀጥሎ ምን ልጠብቅ? ግን ወጣቶች በጣም ወደውታል፣ ምናልባት አርጅቼ ይሆናል።

ከሾስታኮቪች ጋርም አንድ ጠብ አለኝ፣ እሱንም አልደብቅም። በሌስኮቭ ልቦለድ ውስጥ ካቴሪና አንድ ተጨማሪ ሰው ትገድላለች፣ ውርስ ተካፋይ ሆኖ የመጣ ትንሽ ልጅ፣ በትራስ አፍና። ሾስታኮቪች አወጣው። ልጅ ከገደለች ሰው አያዝንላትም ብሎ ነው፣ እንዲታዘንላት ፈልጓል፣ ሌሎቹን ሁሉ አስቀያሚና አስቂኝ አርጎ እሷን ብቻ በሚያምር ዜማ አዘፈናት። ደራሲ ነውና መብቱ ነው። ግን እናንተ ስትሠሩ ምን እንዳወጣችሁና ለምን እንዳወጣችሁ ለራሳችሁ በግልጽ ንገሩ፣ ምክንያቱም ኦፔራው ያቺን ሴት ወደዋት ብሎ ሲያስገድደኝ አንዳንዴ እጁ ይታየኛል። አማትዬው መሞቱ ላይ የመጣው ቄስ ቀልድ ሲያወራ ስቀን ሳንጨርስ ኦርኬስትራው ብቻውን ያንን ትልቅ ፓሳካሊያ (አንድ የባስ ዜማ እየተደጋገመ በላዩ ሌላው ሚገነባበት ሙዚቃ) ይጀምራል፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ እዛ ላይ ግን ጠቤን እረሳዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው እንደሞተ የተናገረ ያ ሙዚቃ ነው። አንዳንድ አዘጋጅ እዛ ላይ ቪዲዮ ይለቃል። አትልቀቁ። አዳራሹ ይጨልም፣ ሰው ጨለማ ውስጥ ይስማ።

አሁን ስለ ስድቡ። ዘንድሮ አንድ ሥራ ለቃችሁ ሰው በኮሜንት ሲዘምትባችሁ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ስትጽፉ አያለሁ። ሾስታኮቪች የመጣበት ነገር ከኮሜንት ጋር አይወዳደርም። አሥር ቀን ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 6 ላይ፣ ፕራቭዳ ሁለተኛ ጽሑፍ አወጣበት፣ በባሌቱ ላይ። የሙዚቃ ደራሲዎች ማኅበር ስብሰባ ተጠራ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያጨበጨቡ ሰዎች እየተነሱ ተሳስተን ነበር አሉ። የቅርብ ወዳጁን ሶለርቲንስኪን እጅግ ስላስጨነቁት ራሱ ሾስታኮቪች የፈለጉትን ድምፅ ስጥ ብሎ ፈቀደለት ይባላል። የሙዚቃ ደራሲው ቪሳሪዮን ሼባሊን ግን ሞስኮ ላይ አስገድደው ሲያናግሩት ከዘመናችን ሙዚቀኞች ሁሉ ታላቁ እሱ ነው ብሎ ተቀመጠ። ታላቁ የትያትር አዘጋጅ ሜየርሆልድም በማርች ሌኒንግራድ ላይ በአደባባይ ደገፈው፣ ሜየርሆልድን በ1939 አሰሩት በ1940 ረሸኑት፣ በሌላ ክስ ነው ግን ዘመኑ ያው አንድ ዘመን ነው። ስለዚ ዝም ያሉትን ሁሉ ፈሪ ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ፣ የተናገሩትንም አትርሱ።

እሱስ ምን አረገ? ወዳጁ ይስሐቅ ግሊክማን እንደተረከው ከአርካንጌልስክ ቴሌግራም ልኮ ፖስታ ቤት ሄደህ የጋዜጣ ቁራጭ አገልግሎት አስመዝግበኝ፣ ስለኔ ሚወጣውን ሁሉ እፈልጋለሁ አለ። ስድቡን እየቆረጠ አልበም ውስጥ ለጠፈው። መልስ አልጻፈም። ጀምሮት የነበረውን አራተኛ ሲምፎኒ መጻፉን ቀጠለ፣ በዛው ዓመት ሜይ ላይ ልጁ ጋሊና ተወለደች፣ ገቢው ደግሞ አሽቆልቁሏል። በዲሴምበር ሲምፎኒው ልምምድ ላይ እያለ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ ሰው የሰማው በ1961 ነው፣ 25 ዓመት። በኖቬምበር 1937 አምስተኛው ሲምፎኒ ሌኒንግራድ ላይ ሲመታ አዳራሹ ቆሞ ነው ያጨበጨበለት፣ አንድ ጋዜጠኛ የሶቪየት አርቲስት ለትክክለኛ ትችት የሰጠው መልስ ነው ብሎ ስም አወጣለት፣ ባለሥልጣኖቹም ደስ አላቸው። እናም ዳነ፣ ዳነ ስል ግን ሂሳቡን አብራችሁ አስቡት፣ ሰውዬው ስለ ሩሲያ ሴቶች ተከታታይ ኦፔራዎች ለመጻፍ አቅዶ ነበር፣ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ከዛ በኋላ እስከሚሞት፣ እስከ 1975፣ አንድም ኦፔራ አልጨረሰም። የጎጎልን "ቁማርተኞች" በጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ ተወው። በምድር ላይ ከነበሩት ሁሉ ለኦፔራ የተፈጠረ ሰው ነበር ብዬ ስለማምን ይሄ አሁንም ያበሽቀኛል።

በኋላ ስታሊን ሞቶ ዘመኑ ሲለዝብ ሥራውን አስተካክሎ "ካቴሪና ኢዝማይሎቫ" ብሎ አወጣው፣ ጃንዋሪ 1963 ሞስኮ ላይ ተከፈተ። የትኛው ይሻላል ሚለው ክርክር እስከዛሬ አላለቀም። አንድ ቦታ ብቻ ላሳያችሁ። ካቴሪና ማታ ብቻዋን ሆና ምትዘፍነው ዘፈን አለ፣ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ውርንጭላው ወደ ባዝራዋ ይሮጣል፣ ድመቱ ወደ ድመቷ፣ ወደኔ ግን ማንም አይመጣም ትላለች። በአዲሱ ላይ ውርንጭላው ወጥቶ ጣራ ስር ያለ የወፍ ጎጆ ገባ። ዜማው ያው ነው። ፈርቶ ነው ሚሉ አሉ፣ የ56 ዓመት ሰው የ26 ዓመት ልጅ የጻፈውን አይወድም ሚሉም አሉ፣ የድምፁን መስመርም ለዘፋኝ እንዲመች አርጎታል። እኔ ውርንጭላውን ነው ምመርጠው፣ ሴትዮዋ የወፍ ጎጆ አይታ ሰው አትገድልም። ሆኖም ሁለቱም የሱ እጅ ናቸው። ዛሬ ትያትር ቤቶች ባብዛኛው ሚያወጡት የመጀመሪያውን ነው፣ ለዚህም ትልቁን በር የከፈተው ሮስትሮፖቪች ኦርኬስትራውን እየመራ በ1978 ለንደን ላይ የቀዳው ነው፣ ባለቤቱ ቪሽኔቭስካያ ካቴሪናን፣ ኒኮላይ ጌዳ ሰርጌይን ሆነው።

መስማት ለምትፈልጉ እንዲህ አርጉ። መጀመሪያ የሮስትሮፖቪችን ቅጂ ፈልጋችሁ ከመጨረሻው ክፍል ጀምሩ፣ እስረኞቹ ሲዘፍኑ፣ ትርጉም ካላገኛችሁም ችግር የለውም። ቀጥሎ በ1966 የተሠራውን ፊልም እዩ፣ ያው ቪሽኔቭስካያ ናት ምትተውነው፣ እሱ ግን አዲሱ ጽሑፍ ነውና ውርንጭላውን አትፈልጉት። ከዛ አምስተርዳም ላይ የተቀረጸውን። አልጋው ሲመጣ ዓይናችሁን ጨፍኑና ስሙት፣ ፖሊስ ጣቢያው ሲመጣ ግን ድምፁን ቀንሳችሁም ቢሆን ፊታቸውን እዩ፣ በተለይ ሬሳ ተገኘ ሲባሉ አዛዡ ሚያሳየውን ፊት። አዘጋጁ ጥሩ ይሁን መጥፎ እኔ ምለየው እዛ ላይ ነው። አይታችሁ ማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በተለይ ስለ ቄራው።